ከ«ወላጅ አምጣ» በፊት

(በጎንደር ከተማ በአንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በደኅና መጣችሁ። ከአዘዞ የመጣችሁ አላችሁ። ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከቀበሌ 18 የመጣችሁ አላችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን ነው። መደቧን ለጎረቤት አደራ ብላ የመጣች እናት እንዳለች አውቃለሁ። ባጃጁን አቁሞ የመጣ አባት እንዳለም አውቃለሁ። የቅዳሜ ግማሽ ቀን ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ ስለምረዳ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

በጥያቄ ልጀምር። እስኪ እጃችሁን አውጡልኝ። ልጃችሁ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ስንተኛ እንደወጣ የምታውቁ? አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። አሁን ሌላ ጥያቄ። ልጃችሁ በዚህ ሳምንት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ምን እንደተማረ የምታውቁ? አንድ። እዚያ ጋ አንድ። ሁለት እጅ ነው የማየው።

አያችሁ? ደረጃውን ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ እዚያ ደረጃ ላይ እንዴት እንደደረሰ ግን አናውቅም። ይህን የምለው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ማን ነግሯችሁ ታውቃላችሁ? ትምህርት ቤት ለወላጅ የሚናገረው ካርድ ሲሰጥ ነው። ከዚያ ውጭ የምትጠሩት ጥፋት ሲኖር ነው። «ወላጅ አምጣ!» በቃ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ልጁ ከክፍል እየጠፋ መሆኑን ጓደኞቹ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ፑል ቤቱ ያውቃል። የመጨረሻው ሰሚ ወላጁ ነው።

ይህን እንቀይር ነው የምለው። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከእያንዳንዱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ የክፍል ዜና ይሂድ። ይኸው ነው ጉዳዩ። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ለምን 7ኛና 8ኛ ክፍል? ሁለተኛ፣ ገጹ ላይ ምን ይጻፍ? ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ቤት ሲገባ እናንተ ምን ታደርጉበታላችሁ?

አንደኛው። ድሮ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ድረስ አንድ ላይ «አንደኛ ደረጃ» ይባል ነበር። አሁን በአዲሱ አደረጃጀት 7ኛና 8ኛ ብቻቸውን «መካከለኛ ደረጃ» ሆነዋል። መለየታቸው ተገቢ ነው እላለሁ። ልጁ በታችኛው ክፍል ሳለ አንድ ሁለት መምህር ጠባዩን፣ ሕመሙን፣ እርሳስ የሌለውን ሳይቀር ያውቃሉ። 7ኛ ሲገባ ግን አሥር የሚጠጉ የትምህርት ዓይነቶች ይጠብቁታል። መምህር በየ40 ደቂቃው ይገባል፣ ይወጣል። በአንድ ክፍል ከ60 የሚበልጡ ልጆች የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ሁሉም መምህር ልጁን በጥቂቱ ያውቀዋል፤ ሙሉ ለሙሉ የሚያውቀው የለም።

ዕድሜውንም አስቡት። 13 ዓመት፣ 14 ዓመት። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ በሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም የሚዘረግፈው ልጅ ዛሬ ዝም ይላል። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ትሉታላችሁ። «ጥሩ።» «ምን ተማራችሁ?» «ምንም።» «የቤት ሥራስ?» «ጨርሻለሁ።» አለቀ። ከዚህ በላይ የምታወጡት ነገር የለም። ልጁ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ልጁ ዝም ባለበት ዓመት ትምህርት ቤቱም ዝም ካለ፣ ወላጅ ከማን ይስማ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ የማስተምረው በሌላ ትምህርት ቤት ነበር። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ከክፍል ሲጠፋ ሰንብቶ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። በማግሥቱ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ኮት ለብሷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ጣቶቹ መሐል ጥቁር የጫማ ቀለም አለ። «አጎቱ ነኝ» አለ። «እሺ፣ የአባቱ ስም ማን ነው?» ተባለ። ሰውየው ልጁን አየው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከበሩ ፊት ለፊት ጫማ የሚጠርግ ሰው ነበር፤ ልጁ ለምሳ ከተሰጠው ላይ ከፍሎት ነው የመጣው። እናትየው ይህን የሰማችው ካርድ ልትወስድ የመጣች ዕለት ነው። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። «ምነው መምህር፣ ጠዋት ጠዋት በዚህ በር ነው የማልፈው። አንድ ቀን ጠርታችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። ወላጅን ከቅጣት ጋር ያስተሳስረዋል። ልጁ ወላጁን የሚደብቀው ለዚህ ነው። በየዓርቡ ያለ ጥፋት፣ ያለ ክስ ወሬ የሚደርሳትን እናት ግን ማንም መደበቅ አይችልም።

ሌላም አለ። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። በየቤቱ ለቅሶ ሆነ። እኔን ያሳዘነኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ መደንገጣችን ነው። ልጅ በአንድ ቀን አይወድቅም። ክፍልፋይ ሳይገባው 7ኛን ያልፋል። መቶኛ ሳይገባው 8ኛን ያልፋል። ከዚያ 9ኛ ላይ መምህሩ የሚናገረው ሁሉ ባዕድ ቋንቋ ይሆንበታል። ይህ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ለወላጅ «እዚህ ጋ ልጅዎ ተያዘ» ያለ ሰው አልነበረም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ቅጠሉ የሚያስፈልገው ደግሞ 7ኛ ክፍል ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እኔ የተወለድኩት ደምቢያ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ማንበብ አይችልም። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። አባቴ ሲያስረክበኝ የዚያን ዘመን ወላጅ የሚለውን ነው ያለው፦ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ።» ግን ሰጥቶ አልተወኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ የኔታን ያገኛቸዋል። ጠላው እየተቀዳ «ልጁ የት ደረሰልኝ?» ይላል። «መልእክተ ዮሐንስን ጨርሶ ወንጌል ጀምሯል፤ ንባቡ ላይ ግን ይቸኩላል» ይሉታል። ማታ እቤት እሳት ዳር ያስቀምጠኝና «እስኪ ሳትቸኩል አንብብልኝ» ይለኛል። መጽሐፉ ላይ ያለውን አያውቀውም። መቸኮሌን ግን ያውቃል፤ ተነግሮታላ። በቸኮልኩ ቁጥር እጁን ከፍ ያደርጋል። የሚያስፈልገው ያቺ አንዲት የሰንበት ወሬ ነበረች።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ መምህራንም በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ገጹ ላይ ምን ይጻፍ? እኔ ስም ጠሪ በሆንኩበት ክፍል ሞክሬዋለሁ። አንዱን ላንብብላችሁ።

«ለ7ኛ ለ ክፍል ወላጆች። በዚህ ሳምንት በሒሳብ መቶኛን ጀምረናል፤ ትርፍና ኪሳራ ላይ ነን። በአማርኛ ልጆቹ ስለ ሰፈራቸው አንድ አንቀጽ ጽፈዋል፤ ደብተራቸው ላይ ታገኙታላችሁ። በአጠቃላይ ሳይንስ ስለ ሕዋስ ተምረዋል። ረቡዕ የሒሳብ ሙከራ አለ፤ ከ10 ይያዛል። የሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃችን ከሰዓት ነው። ልጃችሁን ይህን ጠይቁ፦ በ240 ብር የተገዛ ዕቃ በ300 ብር ቢሸጥ፣ ትርፉ ስንት በመቶ ነው?»

አለቀ። ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ስንት ነገር እንዳለበት ተመልከቱ። የተማሩት አለ። የሚመጣው ፈተና አለ፤ ልጁ «ሙከራ መኖሩን አልሰማሁም» ማለት አይችልም። ፈረቃው አለ። ፈረቃ ሲቀየር ወላጅ ባለማወቁ ስንት ልጅ ጠዋቱን ሙሉ ፒያሳ ሲዞር ይውላል? «ከሰዓት ነው የምገባው» ብሎ ይወጣል፤ ማን ያጣራል? መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥያቄ አለ። «ምን ተማራችሁ?» ስትሉት «ምንም» ያለው ልጅ «240ና 300» ስትሉት «ምንም» ማለት አይችልም።

መምህራን፣ ሦስት ነገር አደራ። ሰው በሚናገረው አማርኛ ጻፉ። «የተከታታይ ምዘና ክንውን» ብላችሁ የጻፋችሁት ወረቀት ክብሪት መጠቅለያ ነው የሚሆነው። «ረቡዕ ሙከራ አለ» በሉ። ሌላው፣ በጋራው ገጽ ላይ የማንም ልጅ ስም አይውጣ። የሰነፈም፣ የጎበዘም። የአንዱ ልጅ ጉዳይ ለዚያ ልጅ ቤት ብቻ ነው።

ሦስተኛው አደራ ከሁሉም ይበልጣል። በወረቀቱ ጀርባ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በየሳምንቱ ለ12 ልጆች አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ክፍሉ 60 ቢሆን በ5 ሳምንት ሁሉም ቤት ይዳረሳል። ዐረፍተ ነገሩ «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» አይሁን። «የቤት ሥራውን ይሠራል፤ ግን ክፍልፋይ ሲያካፍል ይሳሳታል፣ እሱን ይለማመድ» ይሁን። ወላጅ ይዞት የሚሠራበት ነገር ስጡት።

ይህን ከራሴ አይደለም የማመጣው። በአሜሪካ ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በወደቁበት ትምህርት ማካካሻ በሚወስዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያጠኑት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። መምህራን ለወላጅ በሳምንት አንዲት ዐረፍተ ነገር ላኩ። ሌላ ነገር የለም። መልእክት ካልደረሳቸው መካከል ከ100 ተማሪ 16 ያህሉ ትምህርቱን ሳያሟሉ ቀሩ። መልእክት ከደረሳቸው መካከል የቀሩት 9 ያህል ናቸው። ከመልእክቶቹ ደግሞ የበለጠ የሠራው የትኛው ይመስላችኋል? ማመስገኛው? አይደለም። «ይህን ያሻሽል» የሚለው ነው። በቺሌም ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ወላጆች በስልክ መልእክት በየጊዜው ስለ ልጁ መገኘትና ስለ ሒሳብ ውጤቱ ሲነገራቸው፣ መቅረት ቀንሷል፣ የሒሳብ ውጤት ተሻሽሏል። እነዚህ አገሮች ከእኛ በብዙ ነገር ይለያሉ። ልጁን የሚወድ ወላጅ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

«መምህር፣ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትሉኝ ባልደረቦች አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የክፍል ጭነታችሁን አውቀዋለሁ፣ እኔም አለብኝ። የጋራውን ገጽ እናንተ አትጻፉት። ልጆቹ ይጻፉት። በየሳምንቱ አራት ልጆች ተራ ይያዙ። ሐሙስ በየትምህርቱ ምን እንደተማሩ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ። መምህሩ አይቶ ያርማል። የአማርኛ መምህራን፣ ልጆቹን አንቀጽ መጻፍ ለማለማመድ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋላችሁ? አንባቢው የታወቀ ነው፤ እናታቸው ናት። የሳምንቱ ተራ የደረሰው ልጅ በዚያ ሳምንት ሲያዳምጥ ብታዩት! ስለ ሕዋስ መጻፍ ካለበት ስለ ሕዋስ መስማት ይኖርበታል። በእኔ ክፍል ዝምተኛ የነበሩ ልጆች መምህርን አስቁመው «እንዴት ተብሎ ይጻፍ?» ማለት የጀመሩት በዚህ ነው።

ወረቀትስ? አንድ ኤፎር ወረቀት ለሁለት ይቆረጣል። ለ60 ልጅ 30 ወረቀት ነው። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ይህን ማሰብ አያቅተውም። ወረቀት በሌለ ሳምንት ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት።

ቴሌግራምን አልጠላም። ግሩፕ ያላችሁ ክፍሎች ያንኑ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ልቀቁት። ግን ቴሌግራም ብቻ አይሁን። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት ምን ሆንን? ስማርት ስልክ የሌላት እናትስ? ስልኩ በልጁ እጅ ከሆነ ደግሞ መልእክቱን መጀመሪያ የሚያየው፣ የሚያጠፋውም ልጁ ነው። ግሩፕ ላይ የልጆች ውጤት በስም የሚለጠፍበት ነገርም ይቁም። በ13 ዓመት ልጅ ላይ ሰፈር ሁሉ እያየ እንዲህ አይደረግም።

ለጎንደር ደግሞ የራሷ ነገር አለ። ጥር ሲመጣ ክፍሉ ይሳሳል። ከተራ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ታቦታቱ ፋሲለደስ መዋኛ ወርደው ይመለሳሉ። ሥላሴ አለ፣ አስተርእዮ አለ፣ ሠርግ አለ። እንግዳ ይመጣል። ልጁ «ትምህርት የለም» ብሎ ይቀራል፤ ወላጅም እውነት ይመስለዋል። የታኅሣሥ መጨረሻው የዓርብ ገጽ የጥርን ቀናት ይዘርዝር፦ ይህ ቀን ዝግ ነው፣ ይህ ቀን ትምህርት አለ። በረመዳንም እንዲሁ። የሚጾሙ ልጆቻችን ሙከራና ስፖርት የትኛው ቀን እንደሆነ ቤተሰባቸው ቀድሞ ይወቅ። ልጅ በዓሉንም ያክብር፣ ትምህርቱንም አይጣ። ሁለቱም ይቻላል፤ ቀኑ ከታወቀ።

ሦስተኛው ነጥብ የእናንተ ነው። ብዙ አልጠይቃችሁም። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ወረቀቱን ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ማንበብ የምትችሉም ብትሆኑ እሱ ያንብብ። ከዚያ መጨረሻ ያለውን ጥያቄ ጠይቁት። መልሱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። «እንዴት አገኘኸው? እስኪ አስረዳኝ» ማለት ይበቃል።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን አውቃለሁ?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ስለ አንዲት እናት ላውራችሁ። ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ነው የምትሸጠው። ማንበብ አትችልም። ያቺን ቅድም ያነበብኩላችሁን ገጽ ልጅቷ አነበበችላት። ልጅቷ 60ን ለ300 አካፍላ «20 በመቶ» ብላ ጽፋለች። እናትየው በርበሬዋን እየለቀመች «በስንት ገዛሁት አልሽኝ?» አለቻት። «በ240።» «በስንት ሸጥኩት?» «በ300።» «60 ተረፈኝ። 60 አራት ጊዜ ሲሆን 240 ነው። ሩቡን አትርፌያለሁ እኮ!» «እማ፣ መልሱ 20 በመቶ ነው።» «አይ የኔ ልጅ! ከኪሴ የወጣው 240 ነው። ትርፍ በገዙበት ነው የሚታየው፣ በሸጡበት አይደለም።»

ልጅቷ ሰኞ መጥታ ሰሌዳው ላይ ሠራችው። ሩብ ማለት 25 በመቶ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ብናገረውም ብዙዎቹ ልጆች የሚሳሳቱት እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ በ300 ያካፍላሉ። የእናቷ «ከኪሴ የወጣው» የሚለው አነጋገር ግን ክፍሉን ሁሉ ገባው። አሁንም ልጆቹ ሲከራከሩ «ከኪስ የወጣው ስንት ነው?» ይባባላሉ። ያቺ እናት ሒሳብ አስተምራለች። ያስተማረችው ወረቀቱ ስለደረሳት ነው። ባይደርሳት ያን ማታ ልጅቷን የምትጠይቃት «በላሽ?» ብላ ብቻ ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ አታድርጉ። ወረቀቱን መግረፊያ አታድርጉት። በጀርባው «ክፍልፋይ ላይ ይሳሳታል» የሚል ሲመጣ ልጁ የሚመታ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ወረቀት ቤት አይደርስም፤ ቦይ ውስጥ ነው የምናገኘው። ሌላው፣ ከጎረቤት ልጅ ወረቀት ጋር አታወዳድሩት። እናንተን የሚያገባችሁ የእናንተ ልጅ መሻሻል ነው።

ሲሆን ሲሆን መልሱልን። ከታች ሁለት መስመር ባዶ ቦታ አለ፤ የተሰማችሁን ጻፉ፣ መጻፍ የማትችሉ ልጁን አስጽፉት። «ማታ መብራት ስለማይኖር የቤት ሥራ ይቀንስልን» ያለኝ አባት አለ። «ልጄ መነጽር ያስፈልገው ይሆን? ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ነው የሚያነብ» ያለች እናት አለች። ልጁን ከፊት አስቀመጥነው፤ ከዚያም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወስዳ ዓይኑን አስመረመረችው። እኛ ከ60 ልጅ መሐል አላየነውም ነበር። እሷ አየችው።

እንግዲህ ከፊታችን ዓርብ እንጀምራለን። ወረቀቱ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ታጥፎ ይመጣል፤ ልጁ ባይሰጣችሁ እዚያ ፈልጉት። ፈርማችሁ ሰኞ መልሱልን። ዓርብ አልፎ ቅዳሜም ካልደረሳችሁ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ለስም ጠሪው ንገሩ። በየክፍሉ ያሉ ስም ጠሪ መምህራን በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ስልካችሁንና ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር አስመዝግባችሁ ሂዱ። ከአያት፣ ከአክስት፣ ከታላቅ እህት ጋር የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ወረቀቱ እነሱ እጅ ነው መግባት ያለበት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማይክ ይደርሳችኋል።